መኪናውን ሰንሰለት ከማልበስ መንገዱን ጠጠር ማልበስ

እህቶቼ፣ ይሄን ጽሑፍ 100 ዶላራችሁን ከመስጠታችሁ በፊት አንብቡት።

ሰሞኑን በእሁድ ስብሰባችን፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በየስልካችን የሚዞር አንድ እቅድ አለ። እያንዳንዳችን 100 ዶላር እናዋጣለን። በገንዘቡ ሀገር ቤት እንደ ቪትዝ ያሉ ትንንሽ አሮጌ መኪኖች ይገዛሉ። አራቱም ጎማ ይወልቅና በቦታው እንደ ታንክ፣ እንደ ዶዘር ሰንሰለት ይገጠማል። ከዛ ክረምት ላይ መኪና ወደማይገባበት ገጠር ይላኩና ምጥ የያዛቸውን እናቶች ወደ ጤና ጣቢያ ያመላልሳሉ። "ጭቃ የማያቆመው አምቡላንስ" ብለውታል።

እኔ አላዋጣም። እናንተም እንዳታዋጡ ልለምናችሁ ነው የምጽፈው።

እቅዱን ያመጡት ወንድሞቻችን ክፉ ናቸው አላልኩም፤ ሌባ ናቸውም አላልኩም። ችግሩን በደንብ ነው የነኩት። ከመካከላችን ሴት በሌሊት በቃሬዛ ስትወጣ ያላየች የገጠር ልጅ ካለች እጇን ታውጣ። አራት ወንድ ተሸክሞ፣ ሌሎች አራት ለመቀባበል እየተከተሉ፣ ባትሪ የያዘ ልጅ ከፊት፣ ወንዙ ሞልቶ ከሆነ እስኪጎድል ዳር ላይ ቁጭ። ለአንዳንዷ ሳይጎድልላት ቀርቷል። ይሄን ያየች ሴት "ጭቃ የማያቆመው አምቡላንስ" ሲሏት 100 ዶላር ቀርቶ የጆሮ ወርቋንም አውልቃ ትሰጣለች። ለዚህ ነው ቆም ብለን ማየት ያለብን። በሚያመን ቦታ ሲመጡብን ሳንጠይቅ ነው የምንሰጠው።

100 ዶላር ምን እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም። ለአንዳንዳችን የግማሽ ወር ደሞዝ ነው። ከ2019 ወዲህ ሊራው ሲወድቅ ደሞዟን ለማግኘት ወር ሙሉ የተከራከረች፣ ጭራሽ ሳታገኝ የቀረች እህት በመካከላችን አለች። 200 ሆነን ብናዋጣ 20,000 ዶላር ይሆናል። ይሄ የስንት ሴት ወገብና ጉልበት ነው!

ሰንሰለቱ ምን ያደርጋል?

"እናንተ ስለ መኪና ምን ታውቃላችሁ?" ተብለናል። እሺ፣ የማውቀውን ልናገር። ታላቅ ወንድሜ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደገው፤ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ የሚባለውን ነገር የሰማሁት ከፊደል እኩል ነው። እዚህ ሊባኖስ ደግሞ ተራራ ላይ፣ ፋራያ አካባቢ፣ ሁለት ክረምት ሰርቻለሁ። የቤቱ ልጅ ከአንድ መካኒክ ጋር ሆኖ ትንሽ ጂፕ ላይ ሰንሰለት ሲገጥም ባትሪ ይዤ ያበራሁት፣ ሻይ ያመላለስኩት፣ የወደቀ ብሎን የለቀምኩት እኔ ነኝ። ሠራተኛ ሻይ ስታቀርብ ዐይኗን ጨፍና ነው የሚል ካለ ተሳስቷል።

ዐረቦቹ ጀንዚር ይሉታል። በበረዶ ጊዜ ጎማ ላይ የሚጠመጠመውን ቀጭን ሰንሰለትም፣ ታንክ የሚሄድበትን ወፍራሙንም በአንድ ስም ነው የሚጠሩት። ሁለቱ ግን አይገናኙም። ቀጭኑ ጎማው ላይ ታስሮ መንገዱ ሲጠራ ይፈታል። ወፍራሙ ግን ጎማውን ከነቸርኬው አውልቆ በቦታው ሌላ እግር መትከል ነው። እቅዱ የሚያወራው ስለ ሁለተኛው ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ኢንጅነር መሆን አያስፈልግም። ታኮ ጫማ አድርጋችሁ እርጥብ ሳር ላይ ብትቆሙ ትሰምጣላችሁ፤ ነጠላ ጫማ ብታደርጉ አትሰምጡም። ክብደታችሁ ያው ነው፤ የተለየው ያረፈበት ስፋት ነው። የትንሽ መኪና ጎማ አስፋልት ላይ ሲቆም መሬት የሚነካው ከእጅ መዳፍ ብዙ በማይበልጥ ቦታ ነው። 1,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና በአራት መዳፍ ቆሟል ማለት ነው። አንዱ የሰንሰለት እግር ግን 1 ሜትር ርዝመትና 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ አራቱ አንድ ላይ ከ1 ካሬ ሜትር በላይ መሬት ይይዛሉ። ክብደቱ ይበተናል፤ መኪናው አይሰምጥም። በዐይኔ አይቻለሁ። ሰው እስከ ወገቡ በሚገባበት በረዶ ላይ ያ ጂፕ ሲሄድ እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ስለዚህ "አይሠራም" አይደለም የምለው። የት ነው የሚሠራው? ለማን? በስንት? ሲሰበርስ? ነው የምለው።

ከመኪናው ምን ይወስዳል?

ይሄኛውን ወሬ እቅዱን ከሚያስተዋውቁት ሰዎች አፍ አትሰሙም።

አንደኛ፣ ይከብዳል። አንዱን እግር ለማንሳት ሁለት ወንድ ነው የተጋገዘው። የመኪናው ኩሽኔታ የተሠራው ለቀላል ጎማ ነው፤ ያን ሁሉ ብረትና ላስቲክ ቀንና ሌሊት ሲሸከም ይበላል።

ሁለተኛ፣ ቀርፋፋ ነው። ሰንሰለቱን የሚያዞረው ጥርሳም ክብ ከጎማው ያንሳል። ሞተሩ ያንኑ ያህል እየጮኸ መኪናው የሚሄደው ግን ትንሽ ነው። ቤንዚኑ እንደ ጩኸቱ እንጂ እንደ መንገዱ አይደለም የሚያልቀው።

ሦስተኛ፣ መሪው ይከብዳል። ጎማ በመዳፉ ልክ ቦታ ላይ ይዞራል። አንድ ሜትር ሰንሰለት ግን ለመዞር መሬቱን ማረስ አለበት። እንደ ታንክ በአንድ ጎን አንድ ረጅም ሰንሰለት ይሁን ከተባለ ደግሞ መሪ የሚባል ነገር አይቀርም፤ የሚዞረው አንዱን ጎን በመያዝ ሌላውን በማስኬድ ነው። ለዛ የመኪናውን ሆድ ዕቃ በሙሉ መለወጥ ያስፈልጋል። እንደዛ ከሆነ መኪና መቀየር ሳይሆን አዲስ ማሽን መሥራት ነው።

አራተኛ፣ እና ይሄን ልብ በሉልኝ፣ ቪትዝ በአብዛኛው የሚጎተተው በፊት እግሩ ብቻ ነው። የሞተሩ ኃይል ኋላ አይደርስም። ስለዚህ ከኋላ የሚገጠሙት ሁለቱ ሰንሰለቶች እየተጎተቱ የሚሄዱ ሸክም ናቸው። ተራራ ላይ ያየሁት ጂፕ አራቱም እግሩ የሚሠራ ነበር። እንደዛም ሆኖ በሁለተኛው ክረምት ኩሽኔታው ተቀይሯል፣ ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑ ሸትቷል።

አምስተኛ፣ ጠንካራ መሬት አይወድም። ባለ ሰንሰለት ዶዘር ከተማ ለከተማ በራሱ እግር ሲሄድ አይታችኋል? በሎቤድ ተጭኖ ነው የሚሄደው። ብረቱ አስፋልት ይቆርጣል። ላስቲኩ ደግሞ በድንጋይና በጠጠር ላይ ቶሎ ይበላል። ከሰፈር እስከ ጤና ጣቢያ ያለው መንገድ ግን ሁሉም ጭቃ አይደለም። ትንሽ ጭቃ፣ ትንሽ ድንጋይ፣ ትንሽ ጠጠር፣ መጨረሻ ላይ አስፋልት። ታማሚዋን ጭቃው ላይ አውርደን ጎማ ልንቀይር ነው?

አሁን ደግሞ ማንም ወንድ ያልጠየቀውን ልጠይቅ። ምጥ የያዛት ሴት ቪትዝ ውስጥ የት ትተኛለች? እግሯን ወዴት ትዘረጋለች? አዋላጇ የት ትቀመጣለች? ያ ጂፕ ውስጥ አንድ ቀን ተቀምጬ ጥርሴ እስኪንቀጫቀጭ ነው የተንገጫገጭኩት። ያኔ ጤነኛ ነበርኩ፣ ሆዴም ባዶ ነበር።

ስለዛ ጂፕ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ሌሊት የቤቱ አሮጊት፣ ቴታ ነበር የምንላቸው፣ ትንፋሽ አጠራቸው። ጂፑ ሰንሰለቱን እንደለበሰ ደጅ ቆሟል። ማንም ወደሱ አልሄደም። በረዶ ጠራጊው ዋናውን መንገድ ከፍቶት ስለነበር፣ ተራዋን መኪና ጎማዋ ላይ ቀጭኑን ጀንዚር አስረው ቴታን ይዘው ቁልቁል ወረዱ። ሆስፒታል ያደረሳቸው የተጠረገ መንገድ ነው። ጂፑ የእሁድ መጫወቻ ነበር፤ መጫወቻ መሆኑን ባለቤቶቹም ያውቁት ነበር።

"በዓለም የታወቀ ነው" ለሚሉን

እውነት ነው፣ የታወቀ ነው። መቶ ዓመት አልፎታል። ታሪኩን እንየው።

ተራ መኪናን የኋላ ጎማውን አውልቆ የላስቲክ ቀበቶ በመግጠም ስሙ የሚነሳው አዶልፍ ኬግሬስ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። የሩሲያው ንጉሥ የዳግማዊ ኒኮላስ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር። የሠራውም የንጉሡ መኪኖች በረዶ ላይ እንዲሄዱ ነው። አብዮት መጥቶ ንጉሡ ከወረደ በኋላ ያንኑ ዓይነት እግር የተገጠመለት ሮልስ ሮይስ ለሌኒን ሆነ። የመንግሥቱ ስም ተቀየረ፤ ሰንሰለት ለብሶ የሚሄደው መኪና ግን ያው ከላይ ላለው ሰው ሆነ።

ኬግሬስ ወደ ሀገሩ ተመልሶ ከሲትሮየን ጋር ሠራ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1922 አምስት ባለ ሰንሰለት ሲትሮየኖች ከአልጄሪያ ቱጉርት ተነስተው ሰሃራን አቋርጠው በጃንዋሪ 1923 ቲምቡክቱ ገቡ። ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ግን የሰሃራ ሰው ከዛ በኋላም በግመሉ ነው የሄደው። ጉዞው ለሱ አልነበረማ! ለሲትሮየን ስም ነበር።

ሌላው ትልቅ ጉዞ የተነሳው ከዚሁ እኛ ካለንበት ከቤይሩት ነው። በኤፕሪል 4፣ 1931 ባለ ሰንሰለት ሲትሮየኖች ከቤይሩት ተነስተው ወደ ቻይና ጉዞ ጀመሩ። መሪያቸው ጆርጅ ማሪ ሃርት ይባላል። ሂማላያ ሲደርሱ፣ ከስሪናጋር ወደ ጊልጊት በሚወስደው ጠባብ መንገድ ላይ ገደሉ አላሳልፍ አላቸው። ያኔ ምን ሆነ መሰላችሁ? መኪናው ተፈታቶ በተሸካሚዎች ጀርባ አለፈ። ከጊልጊት በኋላ ደግሞ መኪናውን ትተው በፈረስ ቀጠሉ። ቡድኑ በፌብሩዋሪ 1932 ፔኪንግ ገባ። ታሪኩ የሚጠራው በሃርትና በሲትሮየን ስም ነው፤ በተሸካሚዎቹ ስም አይጠራም። እህቶቼ፣ እኛ ይሄን ስናነብ ዐይናችን በማን ላይ እንደሚያርፍ መናገር አያስፈልገኝም። ሰው የማያቆመው ማሽን ነው የተባለው ሲቆም፣ ሸክሙ ተመልሶ የወደቀው ድሮም ሸክም በለመደ ጀርባ ላይ ነው።

ደቡብ ዋልታም ይነሳል። በጃንዋሪ 4፣ 1958 ኤድመንድ ሂላሪና ጓደኞቹ ሦስት ትንንሽ ፈርጉሰን ትራክተሮችን ሰንሰለት አልብሰው እዛ ደርሰዋል። በዲሴምበር 2014 ግን ማኖን ኦሴቮርት የምትባል ሆላንዳዊት ሴት እዛው ደቡብ ዋልታ ትራክተር ነድታ ደረሰች። ያለ ሰንሰለት፣ በጎማ። "ያለ ሰንሰለት አይቻልም" የሚባለው ነገር በዓለም ጫፍ ላይ እንኳ እውነት አልሆነም።

ከኛው ሀገርም ልጨምር። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ደምበጉና ላይ ሁለት ሁለት ሰው የሚይዙ የጣሊያን ትንንሽ ታንኮች ከራስ እምሩ ጦር ጋር ገጠሙ። መትረየሳቸው የሚያየው ወደ ፊት ብቻ ነበር። የኛ ሰዎች ከጎንና ከኋላ ሄደው ወጡባቸው። ባለ ሰንሰለት የብረት መኪና ሀገሩን በሚያውቅ ሰው እጅ ተያዘ። ማሽኑ ጥሩ መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ የገባበትን ቦታ ካላወቀ ቦታው ያሸንፈዋል።

እንግዲህ የንጉሥ በረዶ፣ ሰሃራ፣ ዋልታ፣ የጦር ሜዳ። እነዚህን ምን ያገናኛቸዋል? ሰንሰለቱ የተገጠመው አንዴ አልፎ ለሚሄድ ሰው ነው። መንገድ ልሥራ ብሎ ላላሰበ፣ ነገ ለማይመለስ። የኛ ቀበሌ ግን ሰው የሚኖርበት ነው። ልጅ ትምህርት ቤት ይሄድበታል፣ እናቶች እህል ጭነው ወፍጮ ቤት ይሄዱበታል፣ አህያ ያልፍበታል፣ ሬሳም ይወጣበታል። ለነዚህ ሁሉ ሰንሰለት ልንገጥምላቸው ነው? የሚኖር ሰው የሚያስፈልገው መንገድ ነው።

በረዶና ዋልካ

እዚህ ላይ ገበሬ ቤት ያደጋችሁ ትፈርዳላችሁ። በረዶ ይረግፋል። ዋልካ ይጣበቃል። ሐምሌ ላይ በባዶ እግራችን ዋልካ ላይ አስር እርምጃ ስንሄድ እግራችን ምን ያህል ይከብድ ነበር? ቆመን በእንጨት እየፋቅን አልነበር እንዴ የምንሄደው? ያ ጭቃ በሰንሰለቱ ጥርስና በመንኮራኩሮቹ መሃል ገብቶ ይጠቀጠቃል። ፀሐይ ሲመታው ደግሞ እንደ ሸክላ ይደርቃል። ዶዘር የሚነዱ ሰዎች ማታ ማታ ሰንሰለቱን በአካፋ ሲጠርጉ ያየ ያውቀዋል። ዶዘር ጉልበት አለው፣ ጥርሱም ትልቅ ነው። የቪትዝ ሞተር ግን ለአስፋልትና ለታክሲ የተሠራ ነው።

ወንዝስ? ወንዝ ሲሞላ ሰንሰለት አይዋኝም። ዝናብ አፈሩን ጠርጎ መሬቱን ቦይ ሲያደርገው፣ ጥልቅ የሆነውን ትንሽ መኪና አይሻገረውም። እናቶቻችንን ያቆማቸው ደግሞ ከጭቃው በላይ ወንዙና ቦዩ ነው።

እሺ፣ አለፈ እንበል። ከኋላው ምን ይተዋል? ቅድም እንዳልኩት፣ ሰንሰለት በዞረ ቁጥር መሬት ያርሳል። ለእግረኛ ተረግጦ የጠነከረውን ቀጭን መንገድ አርሶ ይሄዳል። በነጋታው ልጆቹና አህዮቹ በዛ ውስጥ ይዳክራሉ። አንዲት እናት ለማሳለፍ የሌሎቹን መንገድ ማበላሸት ነው።

ሲሰበርስ? ቪትዝ ሀገር ቤት ቢበላሽ ዕቃው በየሱቁ አለ፣ የሚያውቀውም መካኒክ ብዙ ነው። የሰንሰለቱ ጥርስ ቢሰበር ግን ከውጭ በዶላር መምጣት አለበት። ዶላሩን ማን ይልካል? እኛው! ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ በሚሸጥበት ገጠር፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ያ መኪና ግቢ ውስጥ ቆሞ ዶሮ እንቁላል እንደሚጥልበት አሁን ልንገራችሁ።

የሚመልሱልን መልስ

"ከምንም ይሻላል" ይሉናል። አይሻልም። ገንዘቡ አንዴ ነው የሚወጣው። እዚህ ላይ ካለቀ ሌላ ቦታ የለም። ከዛ የባሰው ደግሞ ተጠያቂው ሰው ይገላገላል። መንግሥት ራሱ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የገጠር ቀበሌዎችን በጋ ከክረምት በሚያስኬድ መንገድ አገናኛለሁ ብሎ ፕሮግራም አውጥቷል። ያ መንገድ እኛ ቀበሌ ለምን አልደረሰም? ደርሶ ከሆነ ለምን በሁለት ክረምት ፈረሰ? ይሄን የሚጠይቅ ሰው ነው የሚያስፈልገው። እኛ ባለ ሰንሰለት መኪና ከላክን የወረዳው ሰውዬ "አሁንማ መንገድ ምን ያደርግላችኋል?" ይላል። የሱን ዕዳ በኛ ደሞዝ ከፈልን ማለት ነው።

"በሠለጠነው ዓለም ይሠራል" ይሉናል። በሠለጠነው ዓለም መጀመሪያ መንገድ ተሠራ። ሰንሰለት የሚለብሱት መኪኖች መንገዱ ካለቀበት በኋላ ላለው በረዶ ነው። እኛ ዘንድ መንገዱ አልተጀመረም።

"ለዕርዳታ ሰጪ ያሳምናል፣ ፎቶው ያምራል" የሚልም አለ። አዎ፣ ያምራል። የውሃ ቱቦ ተቀብሮ ፎቶ ላይ አይታይም። ከፊቱ ቆሞ ሪባን የሚቆርጥም የለም። ነገር ግን ክረምት ላይ መኪናውን የሚያሳልፈው እሱ ነው። እኛ ለፎቶ አይደለም የሰው ወለል የምንወለውለው።

"ሴቶች ናችሁ፣ አስረኛ ክፍል ነው የጨረሳችሁት" ለሚለው ደግሞ ብዙ አልመልስም። አስረኛ ክፍል የጨረሰች ሴት 20,000ን ለ200 ማካፈል ትችላለች። ገንዘባችን ሲፈለግ "የሀገር ምሰሶ" ተባልን፤ ስንጠይቅ "ምን ታውቃላችሁ" ተባልን። አንዱን መምረጥ አለባቸው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

መቃወም ብቻ አይበቃም። ያው ገንዘብ ሊሠራው የሚችለውን ልንገራችሁ።

መንገድ ሁሉም ቦታው አይደለም የሚበላሸው። የየሰፈሩ ሰው የት እንደሆነ ያውቀዋል፤ "እዛችጋ ነው መኪና የሚቀረው" ይላችኋል። ሁለት ወይ ሦስት ቦታ ነው። ውሃ መንገዱን የሚያቋርጥበት፣ የሚተኛበት። እዛ ቦታ ላይ ቱቦ መቅበር፣ ከጎን ቦይ መቅደድ፣ ድንጋይ መደልደል፣ ላዩን ጠጠር ማልበስ። ድንጋዩ ሀገር ቤት አለ፣ ጉልበቱም በደቦ ይገኛል። የሚጎድለው የቱቦው፣ የሲሚንቶው፣ የጭነቱና አሠራሩን የሚያሳይ ባለሙያ ዋጋ ነው። ያ ሲሆን ተራ አምቡላንስ ያልፋል፣ ባጃጅ ያልፋል፣ ጋሪም ያልፋል። አምቡላንስ ለየወረዳው ታድሏል፤ የሚቆመው ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁለት ሦስት ቦታዎች ላይ ነው።

ሌላው ደግሞ ከመኪና ጋር ጭራሽ የማይገናኝ ነው። ብዙ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ የወላድ እናቶች ማቆያ ቤት አለ። ቤቷ ሩቅ የሆነች ሴት ቀኗ ሲቃረብ፣ ምጧ ሳይጀምር፣ በደህና እግሯ ወይ በበቅሎ መጥታ እዛ ትሰነብታለች። ምጥ ሲመጣ አዋላጇ ደጃፏ ላይ ናት። ታዲያ ሴቶች የማይሄዱት ለምንድነው? የሚበላ የለም፣ ፍራሽ የለም፣ ማገዶ የለም፣ ቤት የቀሩትን ልጆች የሚያይላት የለም። ፍራሽ፣ አንሶላ፣ ጤፍ፣ ለገንፎው ዱቄትና ቅቤ፣ የአንዲት ምግብ አብሳይ ደሞዝ። ይሄ በኛ አቅም ያለ ነገር ነው፣ ሙያውም የኛ ነው። ሰው ማስተኛት፣ መመገብ፣ ማጠብ በየሰው ሀገር የምንሠራው ይሄንኑ አይደል?

ወንዝ ለሚያቆማቸው ደግሞ የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ የሚባል አለ፤ በየገጠሩ ተሠርቷል። እሱ በእኛ ገንዘብ ብቻ አይሆንም፣ ባለሙያና መንግሥት ይጠይቃል። ነገር ግን ከወረዳው ጋር ተጽፎ፣ ድርሻችንን አስቀምጠን የምንጠይቀው ነገር ነው።

ለወንድሞቻችን

እቅዱን ያመጣችሁ ወንድሞች፣ እኛም ከናንተ የምንፈልገው አለ።

አንድ መኪና ብቻ በራሳችሁ ወጪ ሠርታችሁ በነሐሴ አሳዩን። በጥር አይደለም፣ አስፋልት ላይም አይደለም። ዋልካ መሬት ላይ፣ ሹፌሩንና ሦስት ሰው ጭኖ፣ ከሰፈር እስከ ጤና ጣቢያ ደርሶ መልስ፣ ሦስት ጊዜ። ቪዲዮው ሳይቆረጥ ይላክልን።

የእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ፣ የቤንዚኑ፣ የሹፌሩ ደሞዝና የመለዋወጫው ለሁለት ዓመት ተሰልቶ በወረቀት ይምጣ።

መኪናው የሚሄድበት ቀበሌ ሴቶችና የጤና ጣቢያው አዋላጆች "ከሁሉ በፊት የምንፈልገው ይሄን ነው" ብለው ይናገሩ። በናንተ አፍ ሳይሆን በራሳቸው።

ገንዘቡ የሚቀመጠው በሦስት ሰው ስም ይሁን፣ ከሦስቱ ሁለቱ ከዚህ ማኅበር ሴቶች ይሁኑ።

ይሄ ብዙ አይደለም። እኛ ለአንድ ኮንትራት ስንት ወረቀት ነው የምንፈርመው? ከኛ ብር ለመውሰድ ግን ቃል ብቻ በቂ ሆኖ ቆይቷል።

እህቶቼ፣ በሚቀጥለው እሁድ ነገሩ ለውይይት ይቀርባል ተብሏል። ከመሄዳችሁ በፊት ሀገር ቤት ደውሉ። እናታችሁን፣ እህታችሁን፣ የሰፈሩን አዋላጅ ጠይቁ፦ ባለፈው ክረምት የወጡት ሴቶች የት ላይ ነው የቆሙት? የትኛው ወንዝ፣ የትኛው ረግረግ? ስሙን ጽፋችሁ ኑ። ስብሰባው ላይ ስለ ማሽን ሲወራ እናንተ የቦታዎቹን ስም አንብቡ። ገንዘባችን የት መውረድ እንዳለበት ያ ዝርዝር ይነግረናል።

ነሐሴ ላይ መኪናው ሄዶ ካየሁ ደግሞ እነጋገራለሁ። እስከዛ ድረስ 100 ዶላሬ ለቱቦና ለገንፎ ዱቄት ተቀምጧል።